የንጥረ ነገሮች ገበታና የጎጃም አፈር

(በደብረ ማርቆስ በተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የመረጥነው አርእስት በየመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው፣ ነገር ግን ከፈተና ሰሞን በቀር ቀና ብለን የማንመለከተው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ነው። ከመካከላችሁ «ይህ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። ነገሩ ከግድግዳው ወርዶ ወላጆቻችን ከሚያርሱት ማሳ ውስጥ መግባቱ አይቀርምና።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። አንጥረኛ ወርቁን በእሳት አንጥሮ ከባዕድ ነገር ይለየዋል፤ እናቶቻችንም ቅቤውን ሲያነጥሩ ከዝቃጩ ይለዩታል። «ንጥረ ነገር» የሚለውም ቃል የወጣው ከዚሁ «ነጠረ» ከሚለው ግሥ ነው። ምንም ያህል ቢያነጥሩት በኬሚስትሪ ዘዴ ከዚያ ወደ ቀለለ ነገር የማይከፈል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹን አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በስማቸው ያውቋቸው ነበር፤ ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ብረት፣ እርሳስ፣ ድኝ፣ ባዜቃ። ዛሬ የታወቁት ንጥረ ነገሮች ቁጥር 118 ደርሷል፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ ስም የወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ 118 ነገር እንዴት ይደረደራል? በስማቸው ፊደል ተራ ይሁን? በተገኙበት ዘመን ይሁን? ወይስ በዋጋቸው? እንዲህ ያለው ድርደራ የዕቃ ቤት መዝገብ ይሆናል እንጂ ዕውቀት አይሆንም። የዕቃ ቤት መዝገብ ያለውን ነገር ይቆጥራል፤ ስለ ሌለው ነገር ግን ምንም ሊነግረን አይችልም።

ነገሩን በሥርዓት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ዮሐን ዶበራይነር የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1829 ባወጣው ጽሑፍ ጠባያቸው የሚመሳሰል ንጥረ ነገሮች ሦስት ሦስት እየሆኑ እንደሚገኙ አሳየ። ለምሳሌ ያህል ካልሲየምን፣ ስትሮንሽየምንና ባሪየምን እንውሰድ። አቶማዊ ክብደታቸው በዛሬው ልክ 40፣ 88 እና 137 ያህል ነው። የፊተኛውንና የኋለኛውን ደምረን ለሁለት ብንከፍለው 88 ተኩል ይመጣል፤ ይህም የመካከለኛው ክብደት ነው ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ነገር እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደማይችል ብዙዎች ጠረጠሩ።

ከዚያ በኋላ ዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ የተባለ የሩስያ መምህር እ.ኤ.አ. በ1869 በዚያን ጊዜ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በክብደታቸው ተራ ሲደረድራቸው፣ ጠባያቸው እየዞረ እንደሚመለስ አስተዋለ። የባሕረ ሐሳብን ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዓመታቱ ወደ ፊት ይቆጠራሉ፤ አበቅቴና መጥቅዕ ግን በየ19 ዓመቱ ተመልሰው ይመጣሉ። «ፔሪዮዲክ» የሚለው የውጭ ቃልም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ በዐውድ የሚመላለስ ማለት ነው። ሜንዴሌየቭ የሚመሳሰሉት አንዱ ከአንዱ ሥር እንዲውሉ ረድፍና ዓምድ አበጀላቸው።

ይህን ሥራ ለማስረዳት ከባሕር ማዶ ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። በዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ፊደል ቆጥሯል። የፊደል ገበታችን 33 ረድፍና 7 ዓምድ አለው፤ በድምሩ 231 ይሆናል። ነገር ግን ማንም ሕፃን 231 ምልክት ለየብቻው አያጠናም። ረድፉ የፊደሉን ዘር፣ ዓምዱ ድምፁን ይነግረዋል። አሁን ከገበታው ላይ አንዱ ፊደል በዝናብ ታጥቦ ጠፋ እንበል። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ካልን በኋላ ባዶ ስፍራ እናገኛለን፤ ቀጥሎ ል፣ ሎ አለ። የጠፋው የቱ ነው? ረድፉ የ«ለ» ዘር መሆኑን ይናገራል፤ ዓምዱም ኃምስ መሆኑንና ከእግሩ ቀለበት ያለው መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ሕፃኑ «ሌ»ን በዓይኑ ሳያየው ሊጽፈው ይችላል።

ሜንዴሌየቭ ያደረገውም ይህንኑ ነው። የሚስማማ ንጥረ ነገር ያላገኘለትን ስፍራ በግድ አልሞላውም፤ ባዶ ተወው። ከዚያም ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች አይቶ ወደ ፊት የሚገኘው ምን ዓይነት እንደሚሆን ተናገረ። ከሲሊከን ሥር ላለው ባዶ ስፍራ ክብደቱ 72፣ እፍጋቱ ከውኃ አምስት ተኩል እጥፍ ይሆናል አለ። ጀርመናዊው ክሌመንስ ቪንክለር እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርማንየምን ባገኘ ጊዜ ነገሩ እጅግ ተቀራራቢ ሆነ፤ ዛሬ የሚታወቀው ክብደቱ 72.6፣ እፍጋቱ 5.3 ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1875 ለኮክ ደ ቧቦድራን የተባለ ፈረንሳዊ ጋልየምን አግኝቶ እፍጋቱን ለክቶ 4.7 ነው ብሎ ነበር። ጋልየምን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ሜንዴሌየቭ ግን «5.9 ያህል መሆን አለበት፤ እንደገና ይለካ» ብሎ ጻፈ። ፈረንሳዊው አጥርቶ ዳግመኛ ቢለካው 5.9 ሆኖ ተገኘ። ያላየው ሰው ካየው ሰው ይልቅ አወቀው ማለት ነው። ይህም ጥንቆላ አይደለም፤ ቦታን ማንበብ ነው።

እርግጥ ነው፣ ምሳሌ ሁሉ የሚያነክስበት ስፍራ አለው። በፊደል ገበታ ረድፎቹን በ«ሀለሐመ»ም ሆነ በ«አበገደ» ተራ ብናስቀምጣቸው ንባቡ አይለወጥም፤ በንጥረ ነገሮች ገበታ ግን የረድፍም የዓምድም ተራ ትርጉም አለው። ሆኖም ከሥርዓቱ ፈንገጥ የሚሉት እንኳ በሁለቱም ዘንድ ይገኛሉ። «ሀ» በግዕዝ ዓምድ ቆሞ የራብዕ ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ሃይድሮጅንም ከነሶድየም ዓምድ ላይ ቆሞ ጋዝ ነው እንጂ ብረትነት የለውም። እነ ቈ፣ ጐ ከዋናው ገበታ ግርጌ ለብቻቸው እንደሚጻፉ ሁሉ፣ ሁለት ረድፍ ንጥረ ነገሮችም ገበታው እንዳይረዝም ከግርጌ ተለይተው ይጻፋሉ።

ከሁሉ የከበደው እንከን የአዮዲን ጉዳይ ነበር። በክብደት ከሆነ አዮዲን ከቴሉርየም ይቀድማል፤ አንዱ 126.9፣ ሌላው 127.6 ነውና። በጠባዩ ግን አዮዲን የክሎሪንና የብሮሚን ወንድም ነው። ሜንዴሌየቭ ክብደቱን ትቶ ጠባዩን ተከተለ፤ አዮዲንንም ከወንድሞቹ ሥር አኖረው። ምክንያቱን ያገኘው ሄንሪ ሞዝሊ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 በኤክስ ጨረር መርምሮ፣ እውነተኛው ተራ የክብደት ሳይሆን በአቶሙ እምብርት ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ቁጥር መሆኑን አስረዳ። ቴሉርየም 52፣ አዮዲን 53 ሆኑ፤ ሙግቱም ተዘጋ። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በ27 ዓመቱ በጋሊፖሊ የጦር ሜዳ ሞተ።

ዛሬ እንደምናውቀው ጠባይ እየዞረ የሚመለሰው በአቶሙ ውጫዊ ቅርፊት ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቁጥር እየዞረ ስለሚመለስ ነው። ገበታው 7 ረድፍና 18 ዓምድ አለው። በመጀመሪያው ዓምድ ያሉት አንድ ኤሌክትሮን፣ በሁለተኛው ያሉት ሁለት ኤሌክትሮን ለመስጠት የተዘጋጁ ናቸው፤ በ17ኛው ያሉት አንድ ኤሌክትሮን ለመቀበል የሚቸኩሉ ናቸው፤ በ18ኛው ያሉት ግን ለመስጠትም ለመቀበልም የማይቸኩሉ፣ በራሳቸው የረኩ ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የዚህን ገበታ ሦስተኛ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ እናንብብ፤ ሶድየም፣ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊከን፣ ፎስፎረስ፣ ድኝ፣ ክሎሪን፣ አርጎን። ይህን ረድፍ በሚገባ ያነበበ ሰው ከጮቄ ተራራ ሥር እስከ ዓባይ አፋፍ ያለውን የደጋውን አፈር ታሪክ አነበበ ለማለት እንደፍራለን።

እንደምታውቁት አገራችን ዝናብ የበዛበት ደጋ ነው። ሶድየምና ከሥሩ ያለው ፖታስየም ሙላቸው አንድ ስለሆነ ከአፈሩ ገጽ ጋር የተያያዙት በላላ እጅ ነው። ማግኒዚየምና ከሥሩ ያለው ካልሲየም ሁለት ሙል ስላላቸው ጠበቅ ይላሉ፤ ነገር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው ጥቂት በጥቂት ያጥባቸዋል፤ በስፍራቸውም ሃይድሮጅን ይተካል። አዝመራው ከነገለባው ተጠራርጎ ከማሳው ሲወጣም ይዟቸው ይሄዳል። እንደ ዩሪያ ያለው ማዳበሪያም በአፈር ውስጥ ሲለወጥ ኮምጣጣነትን ይጨምራል። ሦስት ሙል ያለው አሉሚኒየም ግን አይሄድም፤ በስፍራው ይቀራል።

አፈሩ ደኅና ሳለ አሉሚኒየም ከሸክላው ጋር ታስሮ ማንንም አይጎዳም። የኮምጣጣነቱ ልክ፣ ፒኤች የምንለው፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ ግን እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ያደነድናል። ሥሩ ያጥራል፤ ውኃና ምግብ ፍለጋ መውረድም ይሳነዋል። ሲሊከን የአፈሩ አጥንት ነውና ከክርክሩ ውጭ ነው። ቀጥሎ ያለው ፎስፎረስ ግን ሌላ መከራ ይገጥመዋል፤ የፎስፎረሱን ውሁድ አሉሚኒየምና ብረት ይዘው ያስሩታል። ገበሬው ገንዘብ አውጥቶ የገዛው ማዳበሪያ በአፈሩ ውስጥ እያለ ሰብሉ ይራባል። እህል በጎተራ ተቆልፎ ባለቤቱ ጦሙን እንደሚያድር ማለት ነው።

ይህ የጥቂት ማሳዎች ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 ከመቶ በላይ የሚሆነው ኮምጣጣነት የነካው መሆኑ ተደጋግሞ ተገልጿል። በአካባቢያችን በጎዛምንና በማቻከል፣ ወደ ምዕራብም በአዊ በባንጃ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የተጣሉትን ማሳ ገበሬው ለእንግዶ፣ ማለት ለአጃ፣ ይለቅለታል፤ ወይም ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፤ በአዊ ደግሞ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ያከስልበታል። ገበሬው ሰንጠረዡን አላነበበም፤ አፈሩን ግን አንብቧል። ሰንጠረዡን የምናነብ እኛ ደግሞ አፈሩን ለማንበብ ዘገየን።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ከላይ ጥቁሩን ድንጋይ አልፎ ዝቅ ሲል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ያያል። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም፣ ካርቦንና ኦክስጅን ነው። ተፈጭቶ ከማሳው ጋር ሲቀላቀል ኮምጣጣነቱን ያጠፋል፤ አሉሚኒየሙ ተመልሶ ይረጋል፤ ካልሲየሙም በጥንት ስፍራው ይገባል። ዓምዱን ያነበበ ሰው ካልሲየም ባለበት ማግኒዚየምም ሊሠራ እንደሚችል ይገምታል፤ ግምቱም ትክክል ነው። እንዲያውም ስሌቱን ከገበታው ላይ ማውጣት ይቻላል። ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ሦስት ኦክስጅን 48 ሲደመሩ 100 ይሆናሉ፤ በካልሲየም ፈንታ ማግኒዚየም 24 ብናገባ 84 ይሆናል። እንግዲህ ንጹሕ ከሆኑ የማግኒዚየሙ 84 ኪሎ የካልሲየሙን የ100 ኪሎ ሥራ ይሠራል።

የዓምድ ዝምድና ግን ሁልጊዜ ለበጎ አይደለም። ታላላቆቹ መንግሥታት የኑክሊየር መሣሪያቸውን በአየር ላይ ይሞክሩ በነበረበት ዘመን፣ ከፍንዳታው የወጣው ስትሮንሽየም በሣርና በወተት በኩል አልፎ ከሕፃናት አጥንት ውስጥ ተገኝቷል። የካልሲየም የዓምድ ጎረቤት ስለሆነ አጥንት እንደ ካልሲየም ተቀበለው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በዚያው በዓባይ ሸለቆ ጀሶም ይገኛል። ጀሶም ነጭ ነው፤ ጀሶም ካልሲየም አለበት። ነገር ግን የጀሶ ጓደኛ ካርቦኔት ሳይሆን ሰልፌት ስለሆነ፣ ለሌላ ጥቅም ቢውልም የአፈርን ኮምጣጣነት እንደ ኖራ አያጠፋም። ስለዚህ ሰንጠረዡ የእያንዳንዱን ጠባይ ይነግረናል፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተጋባ ግን እኛው መጠየቅ አለብን።

ችግሩ ሌላም ነው። ገበሬው ማዳበሪያ ለአንድ ሄክታር አንድ ሁለት ኩንታል ነው ሲባል ለምዷል፤ ኖራ ግን ብዙ ጊዜ ከ20 ኩንታል አያንስም፤ ከዚያም በእጥፍ የሚበልጥበት ማሳ አለ። ማን ያጓጉዘው? በምን መንገድ? በማን ገንዘብ? ይህ የኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የኤኮኖሚክስ፣ የአስተዳደርና የምህንድስና ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ «እኛን ምን አገባን?» ላለው ወዳጃችን መልሳችን ይኸው ነው።

ረድፉን ገና አልጨረስንም። ከመጨረሻው አጠገብ ክሎሪን አለ። ከክሎሪን ወደ ታች ዓምዱን ብንወርድ ብሮሚን፣ ከዚያም ያ አስቸጋሪ አዮዲን ይገኛል። ወንድማማችነታቸውን በቤታችን እናውቀዋለን፤ በረኪና የክሎሪን ውሁድ ሆኖ ውኃ ሲያጠራ፣ አዮዲን ደግሞ በቁስል ላይ ይቀባል፤ ሁለቱም ተሕዋስያንን ይገድላሉ። ከላያቸው ያለው ፍሎሪን በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ሲበዛ የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል። በእኛ ደጋ ያለው መከራ ግን የመብዛት ሳይሆን የማነስ ነው። ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ያጥበዋል፤ ከአፈሩ ከጠፋ ከእህሉም ይጠፋል፤ ከእህሉ ከጠፋ ሰው አንገቱ ያብጣል፤ በእናት ማኅፀን ያለ ልጅም አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ለእኛ አገር ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልኖረም። ገበታ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። ጨው የተመረጠው ድኻውም ሀብታሙም በየቀኑ ስለሚቀምሰው ነው። አዮዲን ግን በቀላሉ ስለሚተን፣ የጤና ባለሙያዎች ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨመር ብለው ይመክራሉ። ይህንንም በየቤታችን ለመንገር ዲግሪ እስክንይዝ መጠበቅ የለብንም።

ውድ ጓደኞቻችን፤

ፊደልን በቃሉ እየዘመረ «ሀሁ» የሚል፣ ነገር ግን መጽሐፍ ሲሰጡት አንዲት ቃል ማንበብ የማይችል ልጅ ፊደል ቆጠረ አይባልም። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች በዜማ ወርዶ፣ ካልሲየም ለምን ከማግኒዚየም ሥር እንደ ተቀመጠ ቢጠየቅ ዝም የሚል ተማሪም ከዚያ ልጅ አይሻልም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁን ካላወጣ መምህሩ አያሳልፈውም። እኛ በዚህ ገበታ ላይ ሰሙን ብቻ ይዘን የምናልፈው ስለ ምንድን ነው?

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። ለክቡራን መምህራኖቻችን በትሕትና የምናቀርበው፣ በፈተና ላይ የንጥረ ነገሮችን ስምና ቁጥር ብቻ ከምንጠየቅ፣ ከገበታው ላይ አንዱ ስፍራ ተሸፍኖ «እዚህ የሚቀመጠው ምን ዓይነት ጠባይ ይኖረዋል? ስለ ምን?» ተብለን እንድንጠየቅ ነው። ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ደግሞ፣ ለዕረፍት ወደ የቤታችን ስንሄድ ከሁለት ስፍራ አንዳንድ እፍኝ አፈር ይዘን እንድንመለስ ነው፤ አንዱ አመድና ፍግ ሲደፋበት ከኖረው ከጓሮው፣ ሁለተኛው ከቤት ርቆ ካለው ማሳ። አመድ ፖታስየምና ካልሲየም ስላለበት፣ የጓሮው አፈር ብዙ ጊዜ ከሩቁ ማሳ ይልቅ ኮምጣጣነቱ ያነሰ ይሆናል። በላቦራቶሪ ለክተን፣ ውጤቱን ከየቀበሌው ስም ጋር በዚህ ጋዜጣ ላይ እናወጣለን። ከዚያም ለወላጆቻችን ልኩን እንነግራቸዋለን።

ይህ ሥራ ትንሽ ነው፤ የአገሪቱን አፈር አይፈውስም። ነገር ግን ገበታው ከግድግዳው ወርዶ ከማሳው የሚደርስበት የመጀመሪያው መንገድ ይሆናል። አፈሩ በየክረምቱ መታጠቡን አያቋርጥም፤ የእኛም ንባብ መዘግየት የለበትም።